ፋብሪካው ሊያየን የመጣ ዕለት

ባሌ አዲስ አበባ ሬዲዮ ይሠራ ነበር፤ እኔ ሐይቅ ላይ ደብዳቤ እተይብ ነበር። በደርግ ጊዜ የነበረው ትዳራችን ይኸው ነው። ኒካሕ ካሰርን በኋላ በአንድ ጣራ ሥር የኖርንበት ጊዜ ቢደመር አንድ ረመዳን አይሞላም። መንግሥት ኤሌክትሮኒክስ አስተምሮ ስለመደበው ከመሥሪያ ቤቱ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ዝውውር በጠየቀ ቁጥር የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ በጠየቁት ከተማ ለሙያዎ የሚሆን መሥሪያ ቤት የለም። እውነታቸውን ነው፤ አልነበረም። ሐይቅ ላይ ሰው ያርሳል፣ አሣ ያሰግራል፣ ይነግዳል፣ እስጢፋኖስ ይቀድሳል፣ መስጊድ ቁርአን ይቀራል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሞልቷል፤ ሬዲዮ ሠርቶ የሚበላ ግን ለምልክት እንኳ አልነበረም።

እኔስ ለምን አልተከተልኩትም? እሱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖር ነበር፤ ይህ አንዱ ነው። ዋናው ግን አባቱ ናቸው። እናቱ ሞተዋል፤ ወንድም እህት የለውም። እኔ የውጫሌ ልጅ ነኝ፤ ሐይቅ የመጣሁት በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር ነው። ስንጋባ «አባባን ለጥቂት ጊዜ አንቺ ያዥልኝ፣ እኔ ቶሎ እዛወራለሁ» ብሎኝ ሄደ። «ጥቂት ጊዜ» የሚባለው ነገር ልክ እንደሌለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

አባባ ቤታቸው ከአስፋልቱ ዳር ነበር። ቁመተ ረጅም፣ ነገረ ሥራቸው ሁሉ ቀስ ያለ ሰው ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ ታርቆ፣ ዱዓ ተደርጎለት ይሄዳል። ለእኔ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ብዙ ቃልም ተናግረውኝ አያውቁም። ምራትና አማት ነና፣ ሐያእ፣ መተፋፈር የሚባል ነገር አለ። ማታ ማታ መጀመሪያ እሳቸው ይበላሉ፣ ትሪውን አነሳና ጓዳ ገብቼ እኔ እበላለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ብቸኛ ሰዎች በየተራ ራት እንበላ ነበር ማለት ነው። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ደጃፋችን አካባቢ ሲቆም ሁለታችንም ዝም እንላለን። ሲነሳ ደግሞ አባባ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስለ ዝናብ አንድ ነገር ይናገራሉ።

እንዲህ እያለን ነው የፋብሪካው ወሬ የመጣው።

አስተዳዳሪያችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁ ከቢሮው የሚሰፋ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሰብስቦን፣ መንግሥት ከአንድ ወዳጅ አገር ጋር ሆኖ ሬዲዮና ሌላም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ከአዲስ አበባ ውጭ ሊያቋቁም ነው አለ። ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ከተሞችን እየዞረ ሊያይ ነው፤ የሚታዩት ውስጥ ሐይቅም አለች። አጨብጭቡ ተባለና አጨበጨብን። በዚያ ዘመን የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ያን ቀን ያጨበጨብኩት ከልቤ ነው። መዳፌ እስኪቀላ።

ጥናቱን እኔ ነኝ የተየብኩት። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለው፤ የደሴና የወልድያ መንገድ መሐል ለመሐል ያልፋል፤ ሜዳው ድንጋይ የለበትም፤ ወጣቱ ትምህርት ይወዳል፤ እያለ ይቀጥላል። «የተማረ የሰው ኃይል» የሚለው አንቀጽ ላይ ስደርስ የታየኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል። እንዲህ እያሰብኩ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ተይቤ አስተዳዳሪው ተቆጣኝ።

ስልክ ቤት ሄጄ ለባሌ ደወልኩለት። «ከመጣ የመጀመሪያው ተዛዋሪ እኔ ነኝ» አለኝ። «እዚያ በሙያዬ ቦታ የለም ማለት አይችሉማ።» ለአባባ ስነግራቸው «ኢንሻ አላህ» ብቻ አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ከቤት ስወጣ አይቼ የማላውቀውን ነገር አየሁ፤ አባባ እህል ይቀመጥበት የነበረውን የጎን ክፍል ባዶ አድርገው ጭቃ ያስረግጣሉ። ግድግዳውን ሊያስመርጉት ነው። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ደስታ ሲበዛ እንደሚያስፈራ ያወቅኩት በዚያ ሰሞን ነው።

ኮሚሲዮኑ ከመምጣቱ በፊት አስተዳዳሪው አንድ ሐሳብ መጣለት። «ባለሥልጣን ሲናገር ፕሮፓጋንዳ ይሉታል። ሰፊው ሕዝብ ራሱ ይናገር» አለ። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌ ተመረጡ። ከክርስቲያኑ ከእስጢፋኖስ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ ከእስላሙ ደግሞ አባባ። ሁለቱም የአገሩ ሰው የሚሰማቸው፣ ሁለቱም አንደበታቸው የታረመ። ከእነሱ የተሻለ ማን ይገኛል? እኔም ልቤ ሞላ። ልጃቸው የሚመጣበት ጉዳይ ነው፤ አባባ ካልተናገሩ ማን ሊናገር ነው አልኩ።

አሁን አገሬን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ የራስን አሳንሶ ማቅረብ ግዴታ ነው። በግ አርደህ፣ ማር አቅርበህ፣ «ምን ምግብ አለን፤ አፉ በሉን፣ ያጣ ቤት ላይ ነው የመጣችሁት» ትላለህ። «አፉ በሉን» ይቅር በሉን ማለት ነው። እንግዳው ደግሞ የበኩሉን አለው። «ኧረ ምን ጎደለ! ይህን የመሰለ ቤት፣ ይህን የመሰለ ማዕድ!» ይላል። አንተ ዝቅ ታደርጋለህ፣ እሱ ከፍ ያደርጋል። የራሱን ራሱ የሚያወድስ ሰው ባለጌ ነው፤ ባለቤቱ የጣለውን የማያነሳ እንግዳ ደግሞ ከእሱ የባሰ ባለጌ ነው። ልጅማ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ልጅን በሰው ፊት ማድነቅ ለዓይን መስጠት ነው።

አስተዳዳሪው የእኛ አገር ሰው አይደለም ብያለሁ። «ጥሩ ጥሩውን ንገሯቸው» ብቻ ብሎ ሄደ። አባባም «ይሁን፣ እንግዳ መቀበል ማን ያንሰናል» አሉ።

ዕለቱ ደረሰ። በመንገዱ ዳር ያሉት ድንጋዮች ኖራ ተቀቡ። ሐይቁ ዳር፣ ለፋብሪካው በታሰበው ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ተተከለ። አሣ ተጠበሰ፤ የኪነት ቡድኑ አምባሰልን ተጫወተ። እንግዶቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፤ የቀሩት ሹፌርና አጃቢ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ኢንጂነር ነው። ሁለተኛው ፊቱ በፀሐይ የቀላ ፈረንጅ ባለሙያ ነው። ሦስተኛው እዚያው ፈረንጁ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት አስተርጓሚ ነው። እኔ ለስላሳ መጠጥ በትሪ ይዤ ከድንኳኑ ምሰሶ ጎን ቆሜአለሁ።

መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ወደ አባባ ዞረ። «አባት፣ የሐይቁ ውሃ በበጋ አይጎድልም?»

አባባ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ምን ውሃ አለ ብለው ነው ጌታዬ። አንዲት ኩሬ ናት። ከብት ይጠጣባታል፣ አለቀ። አፉ በሉን፣ እናንተን የሚመጥን ውሃ የለንም።»

ከኋላቸው ሐይቁ እስከ ማዶ ተራራ ድረስ ተዘርግቷል። አባባ ፈገግ ብለው ጠበቁ። የሚጠብቁት «ኧረ ይህን የሚያህል ባሕር ይዛችሁ!» የሚለውን ነው። አስተርጓሚው በፈረንጁ ጆሮ አንሾካሾከ፤ ፈረንጁ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። ሌላ ምንም የለም።

አባባ ያልበቃ መሰላቸው። የሚበቃውን ያህል ዝቅ ያላሉ መሰላቸው። ፊታቸውን ሳየው ገባኝ።

«መሬቱስ? ከባድ ሕንፃ ይችላል?»

ይህን ቄሱ ተቀበሉት። «ደካማ መሬት ነው ልጄ። እኛም ደካሞች፣ መሬቱም ደካማ። ክረምት ሲሆን ጭቃ ነው።»

ፈረንጁ ጻፈ። ቄሱም እንደ አባባ ጠበቁ። የሚያነሳ ጠፋ።

«ወጣቱ እንዴት ነው? ቀጭን ሥራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ይችላል?»

«የኛ ልጆች ምን ይችላሉ ጌታዬ» አሉ አባባ። «ከበሬ ጭራ ሥር ያደጉ ናቸው። ፊደል ቢቆጥሩም መልሰው ይረሱታል።»

አስተዳዳሪው ላብ ላብ አለው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አባት ትሑት ሰው ናቸው። የገዛ ልጃቸው አዲስ አበባ የሬዲዮ ባለሙያ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ረስቶ ቀና አለ። «እውነት ነው አባት? ልጅዎ ባለሙያ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ዓለሜ የዞረው። በሰው ፊት፣ ዓይኑ ምን እንደሆነ በማይታወቅ በባዕድ ሰው ፊት፣ ስለ አንድ ልጃቸው ተጠየቁ። አባባ እጃቸውን አወናጨፉ። «ኧረ ምን ባለሙያ ነው! ሽቦ ይቀጥላል። እሱም ከቀናው ነው።»

ፈረንጁ ጽፎ ብዕሩን ከደነ።

ለምን አልተናገርሽም የሚለኝ ይኖራል። የባሏን አባት በአገር ሽማግሌና በመንግሥት ሰው ፊት «የለም፣ ተሳስተዋል» የምትል ምራት ካለች አንድ ቀን አሳዩኝ። መጠጡን አዞርኩ። ሊቀመንበሩ አመሰገነኝ። አሣውን በሉ፤ ፈረንጁ ሁለተኛ ጠየቀ። አባባ «ጣዕም የለውም፣ አፉ በለን» አሉት፤ ይህኛውን ግን አስተርጓሚው አፉ በአሣ ተይዞ ስለነበር አልተረጎመውም። ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ደስ ብሏቸው ነበር። «ደህና ሰዎች ናቸው» አሉኝ፤ ያን ቀን እንዲያውም ብዙ አወሩኝ። «ጨዋታ ግን አይችሉም። ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከተማ እንዲህ ያደርጋል መሰል።» እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ ምን ልበል? አዎ አባባ አልኩ።

ወራት አለፉ። አስተዳዳሪው ደሴ ለስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ፋብሪካው ወደ ደቡብ ለምትገኝ ሌላ ከተማ ተሰጥቷል። «ውሃው እንደማይበቃ፣ መሬቱ እንደማይሆን፣ ወጣቱ እንዳልሠለጠነ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ መስክሯል ተባልኩ» አለን። «ራሱ መስክሯል!» ከዚያ ቢሮውን ዘግቶ ተቀመጠ። ከዕድሜዬ ብዛት ዛሬ የማውቀው ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ በሽማግሌ ቃል ብቻ አይወሰንም። ምናልባት ሌላዋ ከተማ የተሻለ መብራት ነበራት፤ ምናልባት የተሻለ ዘመድ ነበራት። ማን ያውቃል። ግን ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያቱን በገዛ እጃችን፣ በሁለት እጅ አክብረን አቀበልነው።

ለአባባ «ሌላ ከተማ መርጠዋል» ብቻ አልኳቸው። ለምን ነው ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ እምቢ አለ። እሳቸው ግን ነገሩን አልተዉትም። ራት ሲበሉ፣ ሲሰግዱ አምሽተው ሲቀመጡ፣ ድንገት «ምን አጎደልንባቸው?» ይሉኛል። «አሣው ጨው በዝቶበት ይሆን?» ሌላ ቀን ደግሞ «ከድንኳን ይልቅ ቤት አስገብተን ብንቀበላቸው ኖሮ ምናልባት» ይላሉ። የጎኑ ክፍል ተመርጎ ደርቋል። ውስጡ የተቀመጠ ነገር አልነበረም፤ እህሉንም አልመለሱበትም።

በዚያ ዓመት ያየሁት ብቸኝነት ከበፊቱ ሌላ ነው። በፊት ብቻዬን ስሆን የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። አሁን አውቶቡሱ ሲቆም ጆሮዬን አልሰጠውም። ቢሮ ስተይብ ውዬ እመጣለሁ፣ አበስላለሁ፣ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን በልቼ አድራለሁ። ባሌ ያስተካከለልን ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ አለ፤ አልከፍተውም ነበር፤ የማላውቀው ሰው ድምፅ ቤቱን ሲሞላው ይብስብኛል።

ከዚያ ባሌ ለአረፋ መጣ። ይዞ የመጣውን ወሬ ከበዓሉ በኋላ ነው የነገረን። አዲሱ ፋብሪካ ባለሙያ ሲሰበስብ እሱንም መድበውታል፤ ወደዚያች ወደ ደቡብ ከተማ። «ቤት ይሰጣሉ» አለ። «ታይፒስትም ይፈልጋሉ። ተነጋግሬ መጥቻለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።» ይህን ሲል ወደ አባቱ እያየ ነበር። ፍላጎቴን ከእናንተ አልደብቅም፤ መሄድ ፈለግኩ። እንደዚያ ቀን አድርጌ የፈለግኩት ነገር በሕይወቴ የለም።

አባባ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ሂጂ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ሚስት ከባሏ ነው። እኔ ምን ይጎድለኛል። ጎረቤቱ አለ፣ ቅሬው፣ ዕድሩ አለ። አንድ ሽማግሌ ምን ይበላል ብለሽ ነው።»

ፈገግ ብለው ጠበቁ።

ባሌ እፎይ አለ። «ሰማሽ? አባባ ፈቅደዋል» አለኝ። አባቱን አየሁ፣ እሱን አየሁ። ሐይቅ ተወልዶ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ እንግዳ ሲቀበሉ እያየ ያደገ ሰው ነው። «ኧረ አባባ፣ እርስዎ ሳይኖሩ ምን ቤት አለን» የሚለውን ቃል ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ጠበቅኩት። አባባም ጠበቁት። ሻንጣዬ ትልቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ኧረ አባባ» አልኩ እኔ። «እርስዎን ትቼ የት እሄዳለሁ? የእኔ ቤት እዚህ ነው።»

አባባ ወደ መሬት አዩ። «አላህ ይባርክሽ» አሉ። ባሌ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ።

ደጅ ላይ ተጣላን፤ በዝግታ፣ አባቱ እንዳይሰሙ። «ራሳቸው ሂጂ አሉሽ እኮ! ከዚህ በላይ ምን እንዲሉ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። ልቡ ያውቀው ነበር፤ ግን ካወቀው መቅረት ሊኖርበት ነው፤ መቅረት ደግሞ አይችልም። ይህ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ሁለቱንም ተናደድኩባቸው። ልጁን በአፍ የተነገረውን ብቻ ስለሰማ፣ አባቱን አፍ አውጥተው ስላልተናገሩ።

በማግሥቱ ጠዋት አባባና እኔ እስከ አውቶቡሱ ሸኘነው። ደረጃው ላይ ወጥቶ ዞረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ይከፋሻል?» አለኝ።

«ስለ እኔ አታስብ» አልኩት። «እኔ ምን እሆናለሁ።»

ፊቴን አየት አደረገ። «እሺ» አለና ገባ።

አውቶቡሱ የደሴን መንገድ ይዞ ሲሄድ አየነው፤ ከዚያ ወደ ቤት መመለስ ጀመርን። ሐይቁ በግራችን ነው፤ ጠዋት ስለሆነ ዝም ብሏል። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ጥቂት እንደሄድን «ምን አልሽው?» አሉኝ።

«ስለ እኔ አታስብ አልኩት።»

«እሱስ?»

«እሺ አለ።»

አባባ ቆሙ። «አመነሽ ማለት ነው» አሉ።

«አመነኝ አባባ።»

ወደ ሜዳው እያዩ ነበር፤ ድንኳኑ ተተክሎበት ወደነበረው ቦታ። ከብት ይግጥበታል። «እነዚያ እንግዶች» አሉ ቀስ ብለው። «እነሱም ያን ቀን ያልኩትን አምነውኝ ይሆን እንዴ?»

«ኧረ አባባ» አልኩ፤ ቶሎ ብዬ ነው ያልኩት። «እነሱማ ገና ሳይመጡ ከተማቸውን መርጠው ነው የመጡት።»

አባባ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው በቀኛቸው ትከሻዬን ያዙና መንገዳችንን ቀጠልን። ከዚያ ጠዋት በኋላ ፋብሪካው ለምን ቀረ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።